የመጀመሪያ አልበሜን በራሴ ልስራ ወይስ አሳታሚ ልጠብቅ? ላልከው ወንድሜ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ራፐር ነህ። አራት ነጠላ ዜማ ለቀሃል። የአሜሪካዊውን ራፐር የኒፕሲ ሀስልን «ቪክትሪ ላፕ» የሚለውን አልበም ስትሰማ ከርመህ፣ ያጠራቀምከውን ብር በሙሉ አፍስሰህ ሙሉ አልበም ለማውጣት አስበሃል። «በራሴ ልግባበት ወይስ የሚያሳትምልኝ ሰው እስኪመጣ ልጠብቅ?» ነው ያልከው። እኔ በ2011 ዓ.ም. የመጀመሪያ አልበሜን ያለ አሳታሚ አውጥቻለሁ። 11 ዘፈን ነበር። ስለዚህ የደረሰብኝን ልንገርህ። ረዘም ይላል፣ ታገሰኝ።

አጭሩ መልሴ ይኸው። ማንንም አትጠብቅ። አልበሙን ግን አሁን አትስራው።

የወደድከው አልበም ራሱ ነው ለዚህ ምስክሬ። «ቪክትሪ ላፕ» የወጣው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2018 ነው። የኒፕሲ የመጀመሪያ የስቱዲዮ አልበም ነው። የመጀመሪያ ሚክስቴፑን (ከአልበም በፊት፣ ብዙ ጊዜ በነጻ የሚለቀቅ የዘፈን ስብስብ) የለቀቀው ግን በ2005 ነበር። መሀል ላይ 13 ዓመት አለ። በነዚያ ዓመታት ውስጥ ከአንድ ትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ ጋር ፈርሞ ነበር፤ አልበም ሳያወጣ በ2010 ተለያዩ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ እጅ ይሰጣል። እሱ የራሱን ሌብል (የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት) አቋቁሞ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ሌላ ሚክስቴፕ ለቀቀ።

በ2013 ያደረገውን ደግሞ በደንብ እየው። «ክሬንሾው» የሚለውን ሚክስቴፕ ኢንተርኔት ላይ በነጻ አስቀመጠው። ጎን ለጎን 1,000 ሲዲ አሳትሞ አንዱን በ100 ዶላር ሸጠ። በአንድ ቀን ውስጥ አለቀ። ታዋቂው ራፐር ጄይ ዚ ብቻውን 100 ገዝቷል። በነጻ የሚያገኘውን ነገር 100 ዶላር ከፍሎ የሚወስድ ሰው ልጁን «አይዞህ» እያለው ነው። ኒፕሲ እነዚህን ሰዎች ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ሰፈሩ ላይ፣ አንድ በአንድ ነው ያፈራቸው። «ቪክትሪ ላፕ» ሲወጣ ቢልቦርድ 200 በሚባለው የአሜሪካ የአልበሞች ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ 4ኛ ሆኖ ገባ፤ ለግራሚም ታጨ። አትላንቲክ ከሚባለው ትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ ጋር ሲሰራም የራሱን ሌብል ይዞ በአጋርነት ነው የገባው። ያን ጊዜ የሚደራደርበት ነገር በእጁ ነበረው።

የአልበሙን ስም ልብ ብለኸዋል? ቪክትሪ ላፕ ማለት ሯጭ ካሸነፈ በኋላ ባንዲራ ለብሶ ስታዲየሙን የሚዞረው ዙር ነው። ይህን እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ኃይሌ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ ባንዲራ ለብሰው ሲዞሩ በቴሌቪዥን እያየን ነው ያደግነው። ሩጫው ሳይጀመር የሚዞር የለም።

(ስለ ኒፕሲ ስጽፍ ሁሌም አንድ ነገር ሆዴን ያባባኛል። የቤት ስሙ ኤርሚያስ አስገዶም ነው። አባቱ ኤርትራዊ ናቸው። በወጣትነቱ አባቱ ኤርትራ ወስደውት ነበር፣ አልበሙ በወጣበት ዓመትም ተመልሶ ሄዷል። በዓመቱ፣ ማርች 31 ቀን 2019፣ የራሱ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተገደለ። ገና 33 ዓመቱ ነበር። ስሙን ስሰማው የጎረቤት ልጅ የሞተብኝ ያህል ነው የሚሰማኝ።)

አሁን ወደ እኔ ልመለስ። እኔ አልበሙን የሰራሁት ቸኩዬ ነው። ከሁሉም ዘፈኖች ሰው የወደደው 4ኛውን ነበር። ቢቱን፣ ማለትም የምራፕበትን ሙዚቃ፣ ከኢንተርኔት፣ ውጭ አገር ካለ ቢት ሰሪ ነው የገዛሁት። ርካሽ ነበር። «ሊዝ» የሚል ተጽፎበታል፤ እኔ ግን ገንዘብ ስለከፈልኩ የኔ ሆነ ብዬ ነበር። የእቁብ ዕጣዬ ሲወጣ ብሩን በሙሉ የዚያ ዘፈን ቪዲዮ ላይ አዋልኩት። ከሰባት ወር በኋላ አንድ ሌላ ዘፋኝ በዚያው ቢት ሰርቶ ለቀቀ። ዘፈኑንም ዩትዩብ ላይ ቀድሞ አስመዘገበ። አንድ ቀን ጠዋት ስልኬን ስከፍት ቪዲዮዬ ላይ የባለቤትነት ጥያቄ መጥቷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚገባው ገቢ ወደ ሌላ ሰው ዞረ። ተከራከርኩ። ውሉን አውጥቼ ሳነበው ግን የገዛሁት የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ነበር፤ ሰውየው ያንኑ ቢት ለፈለገው ሁሉ መሸጥ ይችላል። ያላነበብኩት ወረቀት ላይ መስማማቴን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ዛሬም ያን ዘፈን ስሰማ ደስታዬ ሙሉ አይደለም።

ስለዚህ እባክህ፣ ማይክ ሳትከፍት ወረቀት ጻፍ። ቢቱን የሚሰራልህ የሰፈርህ ልጅ፣ ወንድሜ የምትለው ጓደኛህ ቢሆንም ጻፍ። እንዲያውም ጓደኛህ ከሆነ በደንብ ጻፍ። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ግጥሙ የማን ነው፣ ቅንብሩ የማን ነው፣ የተቀዳው ድምፅ ባለቤት ማን ነው፣ ገቢው በመቶኛ እንዴት ይከፈላል፣ ቢቱ ለሌላ ሰው ይሸጣል ወይስ አይሸጥም። አገራችን ሕግ አላት። አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ 872 የተሻሻለው፣ የደራሲውን፣ የከዋኙንና የድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲውሰሩን መብት ለየብቻ ያስቀምጣል። የኢኮኖሚ መብት ሲተላለፍ በጽሑፍ መሆን እንዳለበትም ይናገራል። በቃል «አብረን እንበላለን» መባባል እዚያ ጋ አያዋጣህም። ሥራህን አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ወስደህ ብታስመዘግብ ደግሞ ክርክር ሲመጣ ማስረጃ ይሆንሃል። መብቱ ሳታስመዘግብም አለህ፤ የያዝከው ወረቀት ግን ነገሩን ያቀልልሃል።

ከስቱዲዮ ስትወጣም እያንዳንዱን ትራክ (ድምፅህን፣ ከበሮውን፣ ቤዙን) ለየብቻ በራስህ ሀርድ ዲስክ ይዘህ ውጣ። ያለቀውን ኤምፒ3 ብቻ ይዘህ አትውጣ። ስቱዲዮ ይዘጋል፣ ኮምፒውተር ይበላሻል፣ ሰው ይጣላል።

ስለ ግጥም ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አራቱንም ዘፈኖችህን ሰምቻቸዋለሁ። ድምፅህ ጥሩ ነው። ፍሰትህ አለ። ቤት የምትመታው ግን ሁሌ በግስ ነው። «ሰርቻለሁ፣ አይቻለሁ፣ ከፍቻለሁ።» አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ይህ ያለ ድካም ይመጣል። አድማጭም ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቀጣዩን ገምቶ ይቀድምሃል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ፤ የአልበሜ 3ኛ ዘፈን ላይ ከ16 መስመር 12ቱ የሚያልቁት በ«ለሁ» ነው። የታደገኝ ዓረፍተ ነገሩን መገልበጥ ነው። «ቀን ሰርቻለሁ፣ ማታ ጽፌያለሁ» የሚለውን ትቼ «ቀን ሥራ፣ ማታ እስክሪብቶ፤ የሰፈሩ ሰው ቤቱ ገብቶ» ብዬ ጻፍኩት። «እስክሪብቶ» ከ«ገብቶ» ጋር ይገጥማል ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም። ስም በግስ ላይ ሲገጥም ጆሮ ይነቃል።

ሌላው መጥበቅና መላላት ነው። ይህን ከእንግሊዝኛ ራፕ ልትማረው አትችልም። «ዋና» ሲጠብቅ ዋነኛው ነው፣ ሲላላ ውሃ ውስጥ የምንዋኘው። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው። የአንዱ ዘፈኔ አዝማች «ገና ነው» የሚል ነበር፤ «ጉዞው አላለቀም» ለማለት። የቢቱ ስኔር (ጮክ ብሎ የሚመታው ከበሮ) ግን «ና» ላይ ስለሚወድቅ እኔም አብሬው ረገጥኩት። ጠበቀ። አንዲት አድማጭ የበዓል ዘፈን መስሏት የእንኳን አደረሰህ መልእክት ላከችልኝ። ስለዚህ ቨርስህን (በአዝማቾቹ መሀል የምትራፕውን ክፍል) ከመቅዳትህ በፊት ያለ ቢት፣ እንደ ወሬ አድርገህ ለእናትህ አንብብላት። ከዚያ በቢት በልላት። ሁለቱ ላይ የተለያየ ነገር ከሰማች መስመሩን ቀይረው።

ቀረጻን በተመለከተ በቤት ውስጥ መስራት ይቻላል። እኔ ገርጂ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ቁም ሳጥኑን ከፍቼ፣ ጋቢና ብርድ ልብስ ሰቅዬ ነው የቀዳሁት። ክፍሉ እንዳያስተጋባ ካደረግክ መካከለኛ ማይክም ይበቃል። የሚከብደው ሰፈሩ ነው። በሕይወቴ ምርጥ ብዬ የማስበው ቨርስ መሀል ላይ «ቁራሌው!» የሚል ድምፅ ገባ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነበር። አቀናባሪው ሊያወጣው ግማሽ ቀን ታገለ፣ አልወጣም። ደግሜ ስቀዳው ያ ሙቀት አልተመለሰልኝም፤ ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በፊት ማይክ ከፍቼ አላውቅም። ላፕቶፕህንም ቻርጅ አድርገህ ጠብቅ፤ መብራት አታምነውም።

ሚክሲንግና ማስተሪንግ ላይ፣ ማለትም የተቀዱትን ድምፆች አመጣጥኖ ዘፈኑን ለመልቀቅ ማዘጋጀቱ ላይ፣ አትቆጥብ። ከበጀትህ ትልቁን ለዚህ አስቀምጥ። አለቀ ሲሉህ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ሰምተህ አትቀበል። እኔ ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት በሚሄድ ሚኒባስ ጋቢና ተቀምጬ ሾፌሩን ለምኜ ዘፈኔን አስከፈትኩት። ቤዙ ቃሉን ውጦታል። ከኋላ ወያላው «ምን እያለ ነው?» ሲል ሰማሁት። በማግስቱ ስቱዲዮ ተመልሼ ቤዙን አስወረድኩ፣ ድምፄን ወደ ፊት አስመጣሁ። የኛ አድማጭ በታክሲ ስፒከርና በስልክ ነው የሚሰማህ።

ስለ ሽያጭ ብዙ አልልህም። ለቀህ ሳትጨርስ ቴሌግራም ላይ በነጻ ታገኘዋለህ። እሱን እያሳደድክ ጉልበትህን አትጨርስ። አገር ውስጥ ባሉ የሙዚቃ መተግበሪያዎች ላይ አስገባ፣ ውጭ ላለው አድማጭ ደግሞ በአከፋፋይ በኩል በስፖቲፋይና በአፕል ሙዚቃ ልቀቅ። ከሁሉም በላይ ግን በስም የምታውቃቸውን አድማጮች ያዝ። መድረክህ ላይ የመጡትን፣ ግጥምህን በቃላቸው የያዙትን። እኔ አልበሜን ስለቅ እንደዚህ የማውቃቸው ሰዎች ሰላሳ አይሞሉም ነበር። አልበሙ ብዙ ሰው ጋ ያልደረሰው ለዚህ ይመስለኛል፤ ዘፈኖቹ ዛሬም አያሳፍሩኝም።

እና ምን ላድርግ ካልከኝ፣ ያለህን ብር ሦስት ቦታ ክፈለው። በአንዱ ሦስተኛ አምስት ዘፈን ብቻ ያለው አጭር ሥራ ስራ። ቢቶቹን እዚሁ ካለ ቢት ሰሪ ጋር ከዜሮ ጀምራችሁ ስሩ፣ ወረቀቱን ተፈራረሙ። በሁለተኛው ትንንሽ መድረኮችን አዘጋጅ፤ ሃምሳ ሰው የሚይዝ ካፌ ይበቃል፣ በየወሩ። ሦስተኛውን አትንካው፣ የአልበሙ ነው። አንድ ዓመት ይሁን ሦስት ዓመት፣ ያ ካፌ ጠቦህ ሰው በር ላይ መቆም ሲጀምር ያን ብር አውጣው።

እስከዚያ ግን የአዲሱን ሥራህን ሁለት ቨርስ ያለ ቢት፣ በስልክህ ቀድተህ በውስጥ መስመር ላክልኝ። እሁድ ከሰዓት ቁጭ ብዬ እሰማቸዋለሁ፤ የሚላላውንና የሚጠብቀውን ምልክት አድርጌ እመልስልሃለሁ።