አንገቴ ላይ ወርቅ፣ ዱቤ ደብተር ላይ ስሜ

ጥያቄ

ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። 32 ዓመቴ ነው። አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ከእናቴ ጋር ስለምኖር የቤት ኪራይ የለብኝም። ደሞዜ ተቆራርጦ እጄ የሚገባው 9,700 ብር ነው።

አባቴ ሲያርፍ ለተዝካሩና ቤቱን ለማደስ ከሠራተኞች ቁጠባና ብድር ማኅበር ተበደርኩ። 160,000 ይቀረኛል፤ ከደሞዜ ላይ ይቆረጣል። ዕቁብም ቀድሞ ደርሶኝ ሶፋ ገዛሁበት። በሳምንት 1,500 ብር፣ ገና 38 ሳምንት አለ። ከስምንት ወር በፊት ደግሞ ከአንድ ሰው 70,000 ብር በአራጣ ወሰድኩ። በወር አሥር በመቶ ነው። ስልክ ቀየርኩበት፣ በተረፈው ላይ ጨምሬ ሐብል ገዛሁ። ፈርሜ የሰጠሁት ባዶ ቼክ እጁ ላይ ነው። የአክስቴ 40,000 አለ። የሰፈር ሱቅ ዱቤ 9,300።

በጥር የአክስቴ ልጅ ሸዋሮቢት ታገባለች። ሚዜ ነኝ። ቀሚሱ 18,000፣ ፀጉሩ ሂውማን ሄር ስለሆነ 35,000 ነው። አንድ ሌላ ሰው አበድርሻለሁ ብሎኛል። እውነቱን ልንገርዎ፣ ይሄ ሁሉ ዕዳ እያለብኝም ዓይኔ አላርፍ ብሏል። ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ካልወጣሁ የሞትኩ ይመስለኛል። ሰው አምሮበት መታየት ቢፈልግ ጥፋቱ ምንድን ነው? እናቴ ምንም አታውቅም። ምን ላድርግ?

ስሜ ይቆይ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

የኔ እህት፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ነገር ፈልጌ አጣሁበት። ድምሩን። የሒሳብ ሠራተኛ ነሽ። የፋብሪካውን ወር ሳንቲም ሳትስቺ ትዘጊያለሽ። የራስሽን አምስት ዕዳ ግን ከነቁጥሩ ዘርዝረሽ ሥሩ ላይ መስመር ሳታሰምሪ ተውሽው። እኔ አሰመርኩልሽ። 336,300 ብር ነው።

ልቆጣሽ ፈልጌ አይደለም። ነገሩን ስለማውቀው ነው። 1998 ዓ.ም. ጀርመን ላይ የዓለም ዋንጫ ሲካሄድ እኔም ደብረ ብርሃን ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ጨዋታው አያምልጠኝ ብዬ ቴሌቪዥን በዱቤ ወሰድኩ። ከዚያው ቤት የቆዳ ጃኬት ጨመርኩ። በዚህ ብርድ ጃኬት ቅንጦት አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እናቴ ከመንዝ የላከችልኝ ባና አልጋዬ ላይ ተጣጥፎ እያለ ነው እንግዲህ! ጣሊያን ዋንጫውን ወሰደች፣ እኔ ዕዳውን ወሰድኩ። ከዚያ በኋላ ከሥራ ስወጣ በባለሱቁ በር ላለማለፍ በገበያው ጀርባ እዞር ነበር። ኅዳር ላይ፣ በዚያ ውርጭ፣ ሃያ ደቂቃ ተጨማሪ መንገድ። ጃኬቱን የለበስኩት ባለቤቱን ስሸሽ ነው ብልሽ አልዋሸሁም።

እና ያን ጊዜ ዕዳዬ ስንት ነው ብትይኝ አልነግርሽም ነበር። ስለማላውቅ ሳይሆን መደመሩን ስለፈራሁ።

ወደ ሒሳብሽ ልመለስ። ዕቁቡ በወር 6,000 ነው፣ አምስት ሳምንት ያለው ወር ላይ 7,500። የአራጣው ወለድ 7,000። በትንሹ 13,000 ብር ይወጣል። የሚገባው 9,700 ነው። እንጀራ ሳትገዢ፣ ታክሲ ሳትሳፈሪ 3,300 ጎድሎብሻል። ጉድለቱ የሚሞላው በሱቁ ዱቤና በአክስትሽ ገንዘብ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ስለዚህ ለጥር የሚመጣው አዲስ ብድር ለፀጉር አይደለም የሚውለው። የድሮውን ብድር ለመቀለብ ነው።

አራጣው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ እሳቱ ያለው እዚያ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በብድር ውል ከ12 በመቶ በላይ ወለድ እንዳይታሰብ ይከለክላል። በዓመት ነው ታዲያ! አንቺ የምትከፍይው በዓመት 120 በመቶ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም አራጣን ወንጀል ብሎታል። በስምንት ወር 56,000 ብር ከፍለሻል። ዋናው ግን 70,000 እንዳለ ነው፤ አምስት ሳንቲም አልተነካም።

ሰውየው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ቼኩን የያዘው ለዚያ ነው። ፈልጎ 200,000 ቢሞላበትና ባንክ ሄዶ ስንቅ የለውም፣ ማለትም ሒሳብሽ ውስጥ በቂ ገንዘብ የለም ቢባል፣ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት ራሱ ያስከስሳል። ተከሳሿ አንቺ ልትሆኚ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በእጅ የሚሰጥ ብር የለም። በባንክ አስተላልፊለት። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ ነው፣ መክፈልሽንም እንዲሁ። የምትጨርሺ ቀን ሁለት ሽማግሌ ይዘሽ ሂጂ። ቼኩን ሳትቀበዪ የመጨረሻውን ብር እንዳትለቂ። ካስቸገረሽ ጠበቃ አማክሪ። ማስፈራራት ከጀመረ ደግሞ ፖሊስ አለ።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ከአንገትሽ። ሐብሉ ይሸጥ። ስልኩም ይሸጥና በርካሽ ተኪው። ወርቅ ዋጋው ይጨምራል ትይኛለሽ፣ አውቃለሁ፣ ባለቤቴም እንደዚያ ነው የምትለኝ። ቢጨምርም ከ120 በመቶ ጋር እሽቅድምድም አታስገቢው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ። ያንቺ የራስሽ ነው፣ ግን በየወሩ 7,000 ብር ኪራይ እየከፈልሽበት ነው የምታጠልቂው። ሁለቱም ተሸጠው 70,000 ባይሞሉ እንኳ አትተይው። 50,000 ከዋናው ላይ ብታወርጂ ወለዱ ከ7,000 ወደ 2,000 ይወርዳል። በወር 5,000 ብር እጅሽ ላይ ቀረ ማለት ነው። ዋናውን በከፊል አልቀበልም ሊል ይችላል፤ ወለዱ ስለሚጣፍጠው። ሽማግሌዎቹ ያን ጊዜም ያስፈልጉሻል።

የማኅበሩን አትንኪው፣ እየተቆረጠ ይሂድ። ምናልባት የመክፈያ ጊዜውን ያራዝሙልሽ እንደሆነ ጠይቂ። ሥራ ልቀይር የሚል ሐሳብ ካለሽ ግን ዋስ የሆኑልሽን ባልደረቦች አስቢ። ውሉ ላይ "በአንድነትና በነጠላ" የሚል ቃል ካለ እነሱ ላይ በቀጥታ መዞር ይቻላል። ዕቁብ ላይ አልከራከርም። ዕቁብ ይከፈላል። የዕቁብ ዳኛ ፊት ስምሽ ከተበላሸ ደብረ ብርሃን ትንሽ ከተማ ናት። አክስትሽ ጋ ግን ሄደሽ "ይቆየኝ" በያት። ሳትጠይቅሽ በፊት።

አሁን ወደ ሠርጉ። አምሮበት መታየት ጥፋት የለውም። ቅንጦት መመኘትሽንም አልፈርድበትም። አባትሽን ቀብረሽ፣ ተዝካር አውጥተሽ፣ ቤት አድሰሽ ሰው ሁሉ "ጎበዝ ልጅ" ሲልሽ ኖረሻል። ከዚያ አንድ ነገር ለራሴ ብለሽ ሶፋ ገዛሽ፣ ከሶፋው ስልክ፣ ከስልኩ ሐብል። ይገባኛል። ግን 35,000 ብር ለፀጉር? ሸዋሮቢት እኮ ሙቀት ነው። ከጣርማ በር ወርደሽ ደብረ ሲናን ስታልፊ ሹራብሽን ታወልቂያለሽ፤ ሸዋሮቢት ስትደርሺ ፀጉሩንም ማውለቅ ያምርሻል።

ሙሽራዋን ዛሬውኑ ደውለሽ አግኚያት። "ሚዜ መሆን እፈልጋለሁ፣ 18,000 ግን የለኝም፣ ቀሚሱን እንከራይ" በያት። ሚዜ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሚለብስ ከተከራያችሁ ሁላችሁም ነው የምትከራዩት። ደግሞ አንቺ ደፍረሽ ስታወሪ ከሌሎቹ ሚዜዎች ሁለቱ "ተመስገን" ባይሉ ምን አለ በይኝ። እምቢ ካለች ሚዜነቱን ተዪና ዘመድ ሆነሽ ሂጂ። ሹሩባ ተሠሪ። እናትሽ ሣጥን ውስጥ ያለውን ጥልፍ ቀሚስ ጠይቂያት፣ መኖሩን በእርግጠኝነት ነው የምነግርሽ።

ቅዳሜን አልከለክልሽም። ሁሉን ነገር የተከለከለ ሰው በሦስተኛው ወር ፈንድቶ ሌላ ሐብል ይዞ ይመጣል። ለወሩ 600 ብር መድቢና በፖስታ አስቀምጪ። ማኪያቶም ሆነ ኬክ ከሱ ይውጣ። ፖስታው ሲያልቅ ቅዳሜም አለቀ። የጓደኞችሽን ሒሳብ መክፈል ደግሞ ይብቃ፤ እንደምትከፍይ አልነገርሽኝም፣ ግን አንቺን የመሰለ ሰው ይከፍላል። ገቢም ፈልጊ። እጅሽ ላይ ሙያ አለ፤ ከተማው ውስጥ ሒሳቡን የሚይዝለት አጥቶ የሚጨነቅ ነጋዴ ሞልቷል።

እናትሽን ለመጨረሻ ያቆየሁት ከባዱ እሱ ስለሆነ ነው። እኔ ለታላቅ ወንድሜ የነገርኩት ከአምስት ወር በኋላ ነው። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ ሳቀ። "እኔማ ጃኬቱን ሳይ ደሞዝ የተጨመረልህ መስሎኝ ነበር" አለኝ። ቴሌቪዥኑን በገዛሁበት ግማሽ ዋጋ ሸጠን ዕዳው ላይ ጣልነው። እናትሽ ከወንድሜ የባሰ ልትደነግጥ ትችላለች፣ የተዝካሩም ብድር ስላለበት ታለቅስ ይሆናል። ቢሆንም ቡና ስታፈላ፣ ሁለተኛው ሲቀዳ፣ ወረቀቱን ፊቷ አስቀምጪው። ድምር ያለበትን ወረቀት።

ሰኞ ከሥራ ስትወጪ በሱቁ በር በኩል እለፊ። እንደኔ በጀርባ አትዙሪ። 500 ብር ስጪውና ደብተሩ ላይ እስኪጽፈው ድረስ ቆመሽ ጠብቂ።