ደሪ የት ልደር ላልሽው፦ ከሆቴሉ በፊት ቪዛውን እንይ

እህቴ፣ ያልሽው ይሄ ነው፦ የኢትዮጵያ ፓስፖርት፣ የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ፣ ደብሊን ዘመድ ጋ አንድ ሳምንት፣ መሀል ላይ ሁለት ሌሊት ደሪ። «የድሮውን ከተማ ከከበበው ግንብ ውስጥ ልያዝ ወይስ ከግንቡ ውጭ?» የአልጋው መልስ ቀላል ነው፣ ታች አለልሽ። በዚህ መንገድ ገንዘባቸው የሚቀልጥባቸው ሰዎች ግን በአልጋ ምርጫ አይደለም የሚቃጠሉት፤ በቪዛ ነው።

1. ደሪ አየርላንድ ደሴት ላይ ናት እንጂ አየርላንድ ሪፐብሊክ ውስጥ አይደለችም። ያለችው ሰሜን አየርላንድ፣ ማለትም እንግሊዞች ጋ ነው። ደብሊን የሚያስገባሽ ቪዛ ደሪ አያስገባሽም። የጀርመን ፈቃድሽ ደግሞ ለሁለቱም አይጠቅምሽም፤ አየርላንድም እንግሊዝም ሼንገን (በአንድ ቪዛ የሚዞርባቸው የአውሮፓ አገሮች) ውስጥ የሉም። ስለዚህ ሁለት ቪዛ ነው የሚያስፈልግሽ። «በአንዱ ቪዛ ሁለቱም ጋ ይገባል» የሚሉሽ ሰዎች ለቻይናና ለህንድ ዜጎች የተደረገውን ስምምነት ሰምተው ነው፤ እኛን አይመለከትም። በስደተኛ የጉዞ ሰነድ የምትሄዱም አትዘናጉ፣ አየርላንድ ያለ ቪዛ ማስገባቱን በጁላይ 2022 እ.ኤ.አ. አቁማለች። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት የያዛችሁ ደብሊን ቪዛ አትጠየቁም፤ ለደሪ ግን ኢቲኤ የሚባለውን የብሪታንያ ፈቃድ በኢንተርኔት ቀድማችሁ አውጡ።

2. የአየርላንዱን ቪዛ ባለ አንድ መግቢያ እንዳትወስጂ። ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ባለ አንዱ 60 ዩሮ፣ ባለ ብዙው 100 ዩሮ ነው፤ ሰው 40 ዩሮ ያተርፍና የመመለሻ በረራውን ያጣል። ምክንያቱም ደብሊን ስትገቢ አንዱ መግቢያ አለቀ። ደሪ ስትሄጂ ከአገር እንደወጣሽ ይቆጠራል፣ ወደ ደብሊን ስትመለሺ ደግሞ እንደ አዲስ ገቢ ነሽ። ማመልከቻው ላይ «ብዙ ጊዜ» የሚለውን መምረጥ ብቻውን አይበቃም፤ በደብዳቤሽ ላይ ከደብሊን የምትወጪበትንና የምትመለሺበትን ቀን፣ ደሪ የምታድሪበትን ቦታ ጻፊ፣ የእንግሊዙንም ቪዛ ቅጂ አያይዢ።

ይህ ማለት የእንግሊዙ መቅደም አለበት ማለት ነው። ጊዜው የሚጠበውም እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ከጉዞው ከ3 ወር በላይ ቀደም ብሎ ማመልከቻ አይቀበሉም። የእንግሊዙ በተለምዶ 3 ሳምንት ይፈጃል፣ ለአየርላንዱ ቢያንስ 8 ሳምንት ያዢለት። ፓስፖርትሽ አንዱ ጋ እያለ ለሌላው መላክ ስለማትችዪ ጎን ለጎን አይሄዱም፤ ሲደመር 11 ሳምንት ነው፣ ያለሽ ደግሞ 13። ለጉዞው ልክ 3 ወር ሲቀረው፣ ማመልከቻ መቀበል በሚጀመርበት በመጀመሪያው ቀን ካልጀመርሽ ዘገየሽ በይው። እስከዚያ የአውሮፕላን ትኬት አትግዢ፤ አየርላንዶቹ ራሳቸው ውሳኔው ሳይታወቅ እንዳይገዛ ነው የሚመክሩት። አልጋ ያዢ፣ ግን ያለ ቅጣት የሚሰረዘውን ብቻ። የባንክ መግለጫ አየርላንዱ የ6 ወር ይፈልጋል።

«ድንበሩ ላይ ኬላ የለም፣ ማን ያየኛል?» የሚል ምክር ደርሶሽ ከሆነ እርሺው። ኬላ እንደሌለ እውነት ነው። ከደብሊን የሚነሳው አውቶቡስ በሞናሃን፣ በኦማና በስትራቤን አድርጎ 4 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ድንበር ማለፍሽን የምታውቂው የመንገዱ ዳር ቢጫ መስመር ነጭ ሲሆንና የፍጥነት ምልክቱ ከኪሎ ሜትር ወደ ማይል ሲቀየር ብቻ ነው። ግን ድንገተኛ ፍተሻ አለ። አውቶቡሱን አስቁመው ወረቀት ይጠይቃሉ፣ የሌለውን ያወርዳሉ፤ ያ ነገር ደግሞ ከዚያ በኋላ ለማንኛውም አገር ቪዛ ስታመለክቺ ይከተልሻል። ትኬት ቆራጩም ሆነ ሾፌሩ ቪዛ አለሽ ወይ ብሎ አይጠይቅሽም። ትኬት ስለሸጡልሽ ይቻላል ማለት አይደለም።

የእንግሊዝ ቪዛ ብቻ ያላችሁ ደግሞ በደብሊን በኩል አትምጡ፣ ከአየር ማረፊያው ነው የምትመለሱት። በለንደን ግቡና ወደ ቤልፋስት ወይም በቀጥታ ወደ ደሪ ብረሩ። ደሪ ከደረሳችሁ በኋላም ወጥመዱ አላለቀም፦ ድንበሩ ከከተማው በስተምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ሆቴሎች የሚያስተዋውቁት የግማሽ ቀን ጉብኝት፣ ኮረብታ ላይ ያለው የግሪያናን ክብ የድንጋይ ምሽግም ሆነ የኢኒሾውን ባሕር ዳርቻ፣ ሁሉም ዶኒጎል ውስጥ ነው፤ ሪፐብሊኩ ማለት ነው።

3. አሁን አልጋው። ስትፈልጊ «ደሪ»ም «ለንደንደሪ»ም ብለሽ ፈልጊ፤ አንድ ከተማ ናት፣ ስሟ ግን እንደ ተናጋሪው ፖለቲካ ይለያያል። የእንግሊዝ መንግሥት ወረቀት ላይ ለንደንደሪ ነው የሚባለው፣ ቪዛ ፎርም ላይ እንዳይደናገርሽ። ከዋጋው በፊት የፖስታ ቁጥሩን እዪ፦ ቢቲ 48 ከሆነ ከፎይል ወንዝ ወዲህ፣ ግንቡ ባለበት በኩል ነው። ቢቲ 47 ከሆነ ማዶ፣ ዋተርሳይድ ነው፤ ድልድዩ ጫፍ ያለውም ኪሎ ሜትሮች ርቆ ታክሲ የሚያስፈልገውም በዚሁ ቁጥር ስለሚጠራ ካርታ ሳታዪ አትክፈዪ።

ሁለት ሌሊት ብቻ ከሆነና ከደብሊን በአውቶቡስ ከመጣሽ፣ ቢቲ 48 ያዢ። አውቶቡሱ የሚያወርድሽ ፎይል ስትሪት ነው፣ ከግንቡ ሥር። ግንቡ ከ1613 እስከ 1619 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ ዙሪያው 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አንድም ቦታ ሳይቋረጥ የቆመ ነው፤ የሐረርን ጀጎል ለሚያውቅ ከግማሹ ያንሳል፣ ግን ላዩ ላይ እየተሄደ ይዞራል፣ በነፃ። ውስጡ ማደር ደስ ይላል፤ ሁለት ነገር ግን እወቂ። ሺፕኪ ስትሪት አቀበት ነው፣ ቀልድ የለውም፤ ከባድ ሻንጣ ከያዝሽ ከታች በኩል ያሉትን ምረጪ። ሌላው፣ ዋተርሉ ስትሪት ያሉት መጠጥ ቤቶች ከግንቡ ሥር ስለሆኑ ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት ድምፁ ይወጣል። ከኋላ በኩል ያለ ክፍል ብለሽ ጠይቂ። እኔ ብሆን ክላረንደን ስትሪት አካባቢ ካሉት የጥንት ቤቶች አንዱን ነው የምይዘው፦ በእግር አሥር ደቂቃ፣ ጸጥታ፣ ቁርስ አብሮ።

በባቡር ከቤልፋስት ለሚመጣ ግን ዋተርሳይድ ይሻላል፣ ጣቢያው እዚያው ነው። ኤብሪንግተን አደባባይ አጠገብ ያደረ ሰው 235 ሜትሩን የሰላም ድልድይ በእግሩ ተሻግሮ ግንቡ ጋ ይደርሳል።

ቀኑንም ተመልከቺ። በኦክቶበር መጨረሻ የሃሎዊን በዓል ስለሆነ አልጋ ከወራት በፊት ያልቃል። የኦገስት ሁለተኛው ቅዳሜ ደግሞ የ1689ኙን የ105 ቀን ከበባ ማብቂያ የሚያከብሩበት ትልቅ ሰልፍ አለ፤ መንገድ ይዘጋል፣ በግንቡ ላይ መዞርም እንዳሰብሽው አይሆንም።

ቁርስ የሚሰጡት ትንንሽ ቤቶች ሌሊቱን ሙሉ እንግዳ ተቀባይ የላቸውም፤ የምትደርሺበትን ሰዓት ቀድመሽ ካልጻፍሽላቸው በር ላይ ትቆሚያለሽ። ቁርሱም ራሱ ጣጣ አለው። ሳህኑ ላይ ቤከን፣ የአሳማ ቋሊማና ከደም የሚሠራ ጥቁር ቋሊማ ነው የሚመጣው። «ቤከን አልፈልግም» ማለት አይበቃም፣ እንቁላሉንም እንጉዳዩንም እዚያው መጥበሻ ላይ ሊጠብሱት ይችላሉ። ስትይዢ «አሳማ አልበላም፣ በሌላ መጥበሻ» ብለሽ ጻፊ። በጾም ከሆነ ባቄላ፣ ቲማቲም፣ እንጉዳይና ቶስት ያለ ቅቤ በይ፤ የድንች ቂጣቸው ውስጥ ቅቤ ስለሚገባ ጠይቂ።

ገንዘቡ ፓውንድ ነው። አንዳንድ ሱቅ ዩሮ ይቀበላል፣ በራሱ ምንዛሪ። ከማሽን ስታወጪ የሰሜን አየርላንድ ባንኮች ያተሙት ኖት ሊወጣልሽ ይችላል፤ ትክክለኛ ገንዘብ ነው፣ ግን ለንደን ላይ እንኳ የማይቀበል ሱቅ አለ፣ ጀርመን ላይ ደግሞ የሚመነዝርልሽ መፈለግ ነው። እዚያው አውቶቡስ ከመሳፈርሽ በፊት ጨርሺው።