«የውበት ነው» የተባለውን የጨጓራ ኦፕሬሽን ኢንሹራንሱ ይከፍላል?

ካሳንቺስ የምትኖር አንባቢ ጽፋልኛለች። ሜክሲኮ አካባቢ ባለ የግል ድርጅት ነው የምትሠራው። 118 ኪሎ ናት፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ65፣ ስኳርና ደም ግፊት አለባት። ሐኪሟ ጨጓራ መቀነሻ ኦፕሬሽን ብሏታል። ኤችአር (የድርጅቱ የሰው ኃይል ክፍል) ደግሞ «እሱማ የውበት ነገር ነው፣ ኢንሹራንሱ አይሸፍንም» ብሎ በቃል ሸኝቷታል። መብቷን ትጠይቃለች።

እህቴ፣ ኤችአር ያለሽን ለጊዜው እርሺው። የሚሸፈነውንና የማይሸፈነውን የሚወስነው ፖሊሲው፣ ማለትም የኢንሹራንስ ውሉ ነው። ሠራተኛ እጅ ያለው ብዙ ጊዜ ካርዱ ብቻ ነው፤ ውሉ ራሱ ኤችአር ቢሮ ቦክስ ፋይል ውስጥ ተኝቷል። ኮፒውን ከነአባሪው በጽሑፍ ጠይቂ፣ ማመልከቻሽ ላይም «ደርሶናል» አስብለሽ አስፈርሚ።

ሲደርስሽ ተኝቶ ለመታከም በዓመት ስንት ብር እንደተመደበልሽ እዪ። ከዚያ «የማይሸፈኑ» የሚለው ገጽ ላይ ቁጭ ብለሽ ቃል በቃል አንብቢ። «ለውበት ሲባል የሚደረግ ቀዶ ሕክምና» ብቻ ካለ ጥሩ መከራከሪያ አለሽ። «የውፍረት ሕክምና» ብሎ በስሙ ካስቀረው ግን በሩ ዝግ ነው፣ ለጠበቃ ገንዘብ አታውጪ።

መሀል ላይ የሚወድቅም አለ። አንድ ደንበኛዬ ፖሊሲ ላይ «ለውበትና ክብደት ለመቀነስ የሚደረግ ሕክምና» ይል ነበር። ኢንሹራንሱ ሁለት የተለያየ ነገር ነው አለ፣ እኛ ደግሞ ለመልክ ተብሎ የሚደረገውን ብቻ ነው አልን። በ«ና» ሁለት ወር ደብዳቤ ተጻጻፍን! እንዲህ ሲሆን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1738 ይረዳሻል፤ አንዱ ወገን አስቀድሞ ያዘጋጀው የውል ቃል ካጠራጠረ ለሌላው ወገን በሚጠቅም መንገድ ይተረጎማል።

የሐኪምሽ ደብዳቤ «ለመቅጠን» የሚል ቃል አይግባበት። የክብደትና የቁመት ስሌትሽ (ቢኤምአይ) 43.3 ነው። ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሠራበት የኖረው የሕክምና መስፈርት 40 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም እንደ ስኳር ያለ ተጓዳኝ በሽታ ካለ 35 ነበር፤ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው መመሪያ ደግሞ ዝቅ አድርጎታል። አንቺ በሁለቱም ታልፊያለሽ። ስኳርሽና ግፊትሽ፣ እስካሁን የሞከርሽው አመጋገብና መድኃኒት፣ ኦፕሬሽኑ ቢቀር የሚመጣው ጣጣ ሁሉ ይጻፍ። «የሐሞት ጠጠር ብሎ ይጻፍልኝ» የሚሉ አጋጥመውኛል፤ እባክሽ አታድርጊው፣ ሽፋኑን ማጣት ብቻ ሳይሆን በወንጀልም ያስጠይቃል።

ቅድመ ፈቃዱን (ኢንሹራንሱ «እከፍላለሁ» ብሎ አስቀድሞ የሚሰጠውን) ሆስፒታል ከመግባትሽ በፊት በድርጅቱ በኩል ጠይቂ። ውሉን የፈረመው እሱ ስለሆነ ኢንሹራንሶች ለእሱ ደብዳቤ ቶሎ ይመልሳሉ። መልሱ እሺም ይሁን እምቢ በጽሑፍ ይሁን። በስልክ የተባለ እሺ ካሸር ጋ አይሠራም።

ኢንሹራንሱን ለመክሰስ 2 ዓመት አለሽ። የ2013ቱ አዲስ የንግድ ሕግ የኢንሹራንሱን ክፍል አልነካውም፣ አሁንም የ1952ቱ ነው የሚሠራው። የኅብረት ስምምነታችሁ ወይም የቅጥር ውልሽ «ድርጅቱ ሙሉ ሕክምና ይሸፍናል» ካለ ግን ፖሊሲው ቢጎድልም ድርጅቱን ራሱን መጠየቅ ትችያለሽ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሠራተኛ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) ይታገዳልና እዚህ ላይ አትዘናጊ። አቤቱታ ስላቀረብሽ ሊያባርሩሽ አይችሉም፣ አንቀጽ 26 ይከለክላል።

ስለ እረፍቱ ባትጠይቂኝም፦ የሙከራ ጊዜሽን ከጨረስሽ የሕመም ፈቃድ አለሽ። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ ከዚያ ሦስት ወር ያለ ክፍያ። ለዚህ ኢንሹራንሱ ፈቀደ አልፈቀደ ለውጥ የለውም፣ የሐኪም ወረቀት ይበቃሻል።

የ«የማይሸፈኑ»ን ገጽ ስታገኚ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።