ስልኩ «ዲስኤብልድ ነኝ» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ትናንት ማታ አንዲት እህት የጠየቀችውን አየሁት። የአራት ዓመት ልጇ አሮጌ አይፎኗን ሲነካካ ቆይቶ «አይፎን ኢዝ ዲስኤብልድ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። መዝገበ ቃላት ብታይ «አካል ጉዳተኛ» ይላል። «ስልክ እንዴት አካል ጉዳተኛ ይሆናል? ተበላሸብኝ ማለት ነው?» ብላለች። ከሥሩ የሳቀው ብዙ ነው፣ የመለሰ ግን አላየሁም። የድሬ ልጅ ነኝና «አንቺ» ብልሽ አትቀየሚኝ። እኛ ጋ ለትልቁም ለትንሹም አንቺ ነው።

ድሬዳዋ ሳቢያን ስልክ ስጠግን ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ትራንዚት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ይቺ ቃል ሁለቱም ቦታ አስቸግራኛለች።

ስልክሽ አልተበላሸም። ዲስኤብል ማለት አንድን ነገር የሚሠራበትን አቅም መንሳት ነው። ነገሩ እዚያው አለ፣ ግን እንዳይሠራ ተደርጓል። «ተደርጓል» የምትለዋን ያዢልኝ። ዕቃ ዝም ብሎ አርጅቶም ይበላሻል። ዲስኤብል ከተባለ ግን አንድ ያደረገው ነገር አለ፤ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ማሽን ሊሆን ይችላል፣ በሽታ ወይም መብረቅ ሊሆን ይችላል። ያንቺን ስልክ ደግሞ ልጅሽ አይደለም ዲስኤብል ያደረገው። ራሱ ስልኩ ነው። ሌባ መስሎት በሩን ዘግቶ ተቀመጠ።

ፌስቡክ ላይም ተመልከቺ። አካውንትሽን ራስሽ ለጊዜው ስትዘጊው «ዲአክቲቬት» ይባላል፤ ሲያሰኝሽ ትመለሺያለሽ። ድርጅቱ ሕግ ጥሰሻል ብሎ ሲዘጋብሽ ግን የሚመጣልሽ መልእክት «አካውንትሽን ዲስኤብል አድርገነዋል» ነው። ዘጊው ሲቀየር ቃሉም ተቀየረ።

ሱቄ ውስጥ በብዛት የሚያጣላን ግን ሌላ ነው። ሰው ሳምሰንግ ይዞ ይመጣና ከፋብሪካ ተጭኖ የመጣ አፕ ያሳየኛል። «ይሄን አጥፋልኝ፣ ቦታ ይዞብኛል» ይላል። እገባለሁ፤ ማጥፊያው የለም፤ ያለው «ዲስኤብል» ነው። እነካዋለሁ፣ አፑ ከፊት ይሰወራል። ደንበኛው ደስ ብሎት ይሄዳል። በሳምንቱ ይመለስና «አላጠፋኸውም፣ ሴቲንግ ውስጥ አገኘሁት!» ብሎ ይጮሃል። እውነቱን ነው፣ አላጠፋሁትም። አሰርኩት እንጂ አልገደልኩትም። አይሠራም፣ ዳታ አይበላም፣ ግን ተቀምጧል። ነገ «ኤኔብል» ብትይው ይነሳል። ይሄን በቀን ሦስት ጊዜ አስረዳለሁ፤ ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ከጫት ጋር ሲገናኝ ደግሞ ማስረዳቱም ይቀራል፣ ዝም ብዬ «እሺ» ነው።

ስልኩን በአማርኛ ካደረግሽው ዲስኤብል «አሰናክል» ሆኖ ይመጣል፣ ኤኔብል ደግሞ «አንቃ»። እናቴ «አንቃ» የሚለውን አይታ «ማንን አንቃ?» ብላኛለች። አልፈርድባትም፤ ሰው አንቃ የገደለች ሴት ወሬ ነው የመሰላት። «አሰናክል» ግን ጥሩ ትርጉም ነው፤ ጥሩ የሆነው ደግሞ ያንቺን ጥያቄ ስለሚመልስ ነው። መሰናክል፣ መሰናከል፣ ስንኩል፣ ሁሉም ከአንድ ሥር ናቸው። ድሮ ሰውን «አካለ ስንኩል» ይሉ የለ? እንግሊዝኛውም እንዲያው ነው፤ ስልኩን ያሰናከለው ግስና ሰውየው የሚጠራበት ቅጽል አንድ ቃል ናቸው። መዝገበ ቃላቱ አልዋሸሽም። ሁለተኛውን በር ነው የከፈተልሽ።

ቃሉን ስትፈቺው «ዲስ» እና «ኤብል» ነው። ኤብል «የሚችል» ማለት ነው፣ ከድሮ ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ሥሩ ላቲን ነው፣ ለአያያዝ የሚመች እንደማለት። ምድር ባቡር የሠሩ ሽማግሌዎቻችን የሚያውቋት የፈረንሳይኛዋ «አቢል» ዘመዱ ናት። አባቴ እጁ የሚያውቅ መካኒክ ሲያይ «አቢል ነው» ይል ነበር። «ዲስ» ስትመጣ ያንን ችሎታ ትነጥቃለች። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሐዲድ ላይ ቆሞ በራሱ መንቀሳቀስ ያቃተውን ባቡርም «ዲስኤብልድ ትሬን» ይሉታል፤ አባቴ እንደዚያ ያለውን ሲጎትት ነው ያረጀው።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገርሽ። ትራንዚት ቤት እያለሁ ለአንድ የውጭ ድርጅት ኃላፊ ኢሜይል ጻፍኩ። ነገ ስብሰባ መምጣት አልችልም ለማለት ፈልጌ «ቱሞሮው አይ አም ዲስኤብልድ ቱ ካም» አልኩ። መልሱ በአሥር ደቂቃ ውስጥ መጣ። ሰውየው በጣም ይቅርታ ጠየቀ። እስከዛሬ ባለማወቃችን አዝነናል፣ ቢሯችን ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ ስብሰባውን ምድር ቤት እናደርገዋለን፣ መኪና እንላክልህ ወይ ይላል። አለቃዬ እያነበበ በሳቅ ወንበሩን ሊሰብር ምንም አልቀረው። እኔ ያመመኝ ጥርሴን ነበር።

ማለት የነበረብኝ «አንኤብል» ነው። አንኤብል አልችልም ማለት ብቻ ነው፤ ዛሬ አልችልም፣ ነገ እችል ይሆናል። ዲስኤብልድ ግን ስለ አንድ ቀን ቀጠሮ አይነገርም። ደግሞ ግሱ ከኋላው «ቱ» አይወድም። የሚሰናከለውን ነገር ቀጥታ ይጠራል፦ አላርሙን ዲስኤብል አድርግ፣ ካሜራውን ዲስኤብል አድርግ። ጉዳቱ እንዳይሠራ አደረገው ማለት ከፈለግሽ «ዲስኤብልድ ሂም ፍሮም ወርኪንግ» ነው። አሜሪካኖችም ራሳቸው ተምታቶባቸው ነበር። ቤዝቦል ላይ የተጎዱ ተጫዋቾችን የሚመዘግቡበትን «ዲስኤብልድ ሊስት» በፈረንጆቹ 2019 «ኢንጀርድ ሊስት» ብለው ቀየሩት። ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት ሰው ዲስኤብልድ አይደለም፣ ተጎድቷል ነው የሚባለው።

ስለ ሰው ስትጽፊ ግን በአማርኛ አካል ጉዳተኛ በይ። የሥራ ስምሪት መብታቸውን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ራሱ የሚጠቀመው ይሄን ነው። ስንኩል፣ ሽባ የሚሉትን ተያቸው።

አንድ ጎረቤት አለኝ፣ በዊልቸር ነው የሚሄደው። አንድ ቀን አብረን ከዚራ ወረድን። ከዚራ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ሜዳ ነው፣ የዛፍ ጥላ አለው። እሱ ከፊት፣ እኔ ላብ በላብ ሆኜ ከኋላ፣ ልደርስበት አልቻልኩም። ጉዳይ ያለን ቢሮ በር ላይ ስንደርስ አምስት ደረጃ አለ። ቆመ። ዘበኛው ተሸክሞ ሊያስገባው እጁን ሲዘረጋ «አቦ ተው፣ ወረቀቱን እዚህ አምጡልኝ» አለ። ሃያ ደቂቃ ፀሐይ ላይ ጠበቅን። ስንመለስ ጎረቤቴ «እስከ በሩ ድረስ ምን ነበርኩ?» አለኝ። እንግሊዝ አገር ያሉ አካል ጉዳተኞች ከ1970ዎቹ ጀምሮ ቃሉን እንደዚህ ነው የሚያነቡት። «ዲስኤብልድ» ሲሉ «ተሰናክያለሁ» ማለታቸው ነው፣ አሰናካዩም ደረጃው ነው። አሁን ያልኩሽ «ተደርጓል» እዚህም አለች።

ወደ ስልክሽ ልመለስ። ከጽሑፉ ሥር ደቂቃ ተጽፎ ከሆነ ጠብቂ፣ ከዚያ ትክክለኛውን ኮድ አስገቢ። በአሮጌዎቹ አይፎኖች ስድስተኛው ስህተት 1 ደቂቃ ያስቀጣል፣ ሰባተኛው 5፣ ስምንተኛው 15፣ ዘጠነኛው አንድ ሰዓት። አሥረኛው ላይ ጨርሶ ይዘጋና ከኮምፒውተር ጋር አገናኙኝ ይላል። እዚያ ከደረሰ የሚከፈተው ውስጡ ያለው ሁሉ ተሰርዞ ነው፤ ፎቶሽ የሚተርፈው ባክአፕ፣ ማለትም ሌላ ቦታ ያስቀመጥሽው ቅጂ፣ ካለሽ ብቻ ነው። ሲነሳ ደግሞ የአፕል አይዲሽን (የአፕል አካውንትሽን ኢሜይልና የይለፍ ቃል) ይጠይቅሻል፣ ከወዲሁ አስታውሺው። «ያለ አይዲ በአምስት ደቂቃ እከፍተዋለሁ» የሚልሽ ካለ ስልኩን አትስጪው። ደቂቃው እስኪያልቅ ደግሞ ልጁ የማይደርስበት ቁምሳጥን ላይ አስቀምጪው፤ በእሱ እጅ ስንተኛው ላይ እንደደረሰ አይታወቅም።