ያሸነፉበት ዋጋ እና ከኪስዎ የሚወጣው ዋጋ

ጥያቄ፦ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገለገሉ መኪኖቹን በጨረታ እንደሚሸጥ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ አነበብኩ። አንዷን ፒክአፕ ለሥራዬ ፈልጌያታለሁ። ተጫርቼ ስለማላውቅ ምን ምን ልይ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ከመኪናዋ በፊት ማስታወቂያውን አጥብቀው ያንብቡ። «ቀረጥና ታክስ ያልተከፈለበት» የሚል ካለ ይጠንቀቁ። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ሲሸጥ ቀረጡ በገዢው ላይ የሚወድቅበት ጊዜ አለ፤ እሱ ሳይከፈል ደግሞ ሊብሬው ወደ ስምዎ አይዞርም። ቫትንም ይዩ። የሰጡት ዋጋ ቫትን የማያካትት ከሆነ በ800,000 ብር ያሸነፏት መኪና 15 በመቶ ሲደመርባት 920,000 ብር ትሆናለች። ብዙ ገዢ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው።

ንብረቱ የሚሸጠው «ባለበት ሁኔታ» ስለሆነ ከተረከቡ በኋላ መመለስ የለም። ስለዚህ በጉብኝቱ ቀን መካኒክ ይዘው ይሂዱ። ብዙ ጊዜ ባትሪ ስለማይኖር ሞተሩን ማስነሳት አይቻልም፤ ቢሆንም ብዙ ነገር ይታያል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘው ይመልከቱ፦ ዘይቱ ወተት እንደገባበት ሻይ ከነጣ ውሃ ተቀላቅሎበታል። የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፣ ወይም ከዚያ የባሰ አለ። ካምቢዮው ዜሮ ላይ ሆኖ መካኒኩ የክራንክ ሻፍቱን ቡሎን በቁልፍ ያዙረው፤ ጨርሶ ካልተነቃነቀ ሞተሩ ነክሷል፣ ማለትም ውስጡ ተጣብቋል። የጎማው ጥርስ ሙሉ መሆኑ አያታልልዎ፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ የከረመ ጎማ ጎኑ ይሰነጣጠቃል። ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) እና ራዲያተሩ በቦታቸው መኖራቸውንም ያረጋግጡ፤ የቆመ መኪና ዕቃው ለሌላው እየተፈታ ይሄዳል። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ራስዎ ጽፈው ከሰነዱ ጋር ያስተያዩ። አንድ አኃዝ እንኳ ከተለያየ ሳይጫረቱ ይጠይቁ፤ ስም ሲያዛውሩ ያጉላላዎታል።

ለጨረታ ማስከበሪያው፣ ማለትም ለመጫረት ለሚያስይዙት ገንዘብ፣ ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) ከዋዜማው ያሠሩ። የጨረታ ሳጥኑ ጠዋት 4፡00 ሰዓት የሚታሸግ ከሆነ በዕለቱ ባንክ ተሰልፎ መድረስ ጭንቅ ነው። ሲፒኦው ላይ የመሥሪያ ቤቱ ስም በማስታወቂያው እንደተጻፈው ይሁን። ዋጋዎን በአኃዝም በፊደልም አንድ ዓይነት አድርገው ይጻፉ። ስርዝ ድልዝ ያለበት ቅጽ ከውድድር ሊያስወጣዎት ስለሚችል ከተሳሳቱ ሌላ ቅጽ ይሙሉ።

ጥያቄ፦ የልብስ ሱቅ አለኝ። ጉምሩክ የወረሰውን ልብስ በሐራጅ ልግዛ ወይስ በግልጽ ጨረታ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የሚያዋጣዎትን ጣሪያ አስቀድመው ከቆረጡ ሁለቱም ያው ነው። በግልጽ ጨረታ አንድ ዋጋ በፖስታ አሽገው ያስገባሉ፤ መጨመር የለም። በሐራጅ ግን ዋጋ ፊት ለፊት ይጠራል፣ እልህም ይገባል። ጣሪያዎን ወረቀት ላይ ጽፈው ይግቡና እዚያ ሲደርስ እጅዎን ያውርዱ።

የሚሸጠው በጅምላ ስለሆነ ቦንዳውን ከላይ ብቻ አይተው አይርኩ። ከተፈቀደልዎ እጅዎን ወደ ውስጥ አስገብተው ይዳስሱ፣ ያሽትቱም። እርጥበት ያገኘው ከታች ሻግቶ ይቆያል፤ የሻጋታ ነጥብ ደግሞ በእጥበት በቀላሉ አይለቅም። ከብዛቱ ላይ የሚጣለውን ቀንሰው ዋጋውን ለቀረው ያካፍሉ።

ሲጭኑ የክፍያ ደረሰኙና የርክክብ ሰነዱ ከዕቃው ጋር ይጓዝ። ኬላ ላይ ሕጋዊነቱን የሚያስረዳልዎ ይኸው ነው፤ ያለ እሱ የተገዛው ልብስ ከኮንትሮባንዱ አይለይም። ሱቅ ከገባም በኋላ ዋናውን አይጣሉ።

ጥያቄ፦ ካላሸነፍኩ ያስያዝኩት ገንዘብ ይመለሳል? (ከደሴ)

መልስ፦ አዎ፣ ለተሸናፊ ይመለሳል። ገንዘቡን የሚያጣው አሸንፎ በማስታወቂያው በተሰጠው ቀን ያልከፈለ ነው። ከፍለውም በጊዜው ካላነሱ የማከማቻ ኪራይ ሊቆጠርብዎ ስለሚችል የጭነት መኪናውን ከወዲሁ ያነጋግሩ።