«ፕሮግራመር ብንጨምር ሥራው ቶሎ ያልቃል?»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት አለኝ። ከውጭ ዕቃ አስመጥተው በጅምላ ለሚያከፋፍሉ ነጋዴ የመጋዘን መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር በ9 ወር ሠርተን ልናስረክብ ተዋውለን፣ ስድስቱ ወር አልፏል። አራት ፕሮግራመሮች ነበሩን፤ ሥራውን ከመሠረቱ ያዋቀረው ነባሩ ባለሙያ ግን ባለፈው ወር የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። እስካሁን የተሠራው ከግማሽ ብዙም አይዘልም። ሸሪኬ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያለ፣ በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቁ አራት ልጆች በአንድ ጊዜ ቀጥረን በቀረን ሦስት ወር እንድንጨርስ ይፈልጋል። ደመወዛቸውን የመክፈል አቅም አለን። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አራቱን ልጆች አሁን ቢቀጥሩ ሥራዎ ይበልጥ ይዘገያል እንጂ አይፈጥንም። የሸሪክዎ ተረት ለብዙ ሥራ እውነት ነው። ጉዳዩ ከመኪና ላይ ጭነት ማራገፍ ቢሆን ኖሮ አራት ሰው መጨመር ጊዜውን በግልጽ ያሳጥረው ነበር፤ አንዱ ጆንያውን ለመሸከም ሌላው ምን እንዳሰበ ማወቅ አያስፈልገውምና። በሶፍትዌር ሥራ ግን እያንዳንዱ ሰው የሚጽፈው ሌላው ከጻፈው ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ አዲስ የመጣው ሰው መሥራት ከመጀመሩ በፊት ማወቅ አለበት፤ እንዲያውቅ ደግሞ የሚያውቁት ሰዎች ሥራቸውን ትተው ሊያስረዱት ይገባል።

ይህ ጉዳይ ከታወቀ ቆይቷል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በአይቢኤም የኮምፒውተር ኩባንያ ኦኤስ/360 የተባለውን ግዙፍ የሶፍትዌር ሥራ የመራው አሜሪካዊው ፍሬድ ብሩክስ፣ ከዚያ ልምዱ ተነሥቶ በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ሥራውን ይበልጥ እንደሚያዘገየው ጽፏል። ብሩክስ ራሱ ነገሩን አቅልሎ እንዳስቀመጠው አልሸሸገም። ገና በጅማሬ ላይ ባለና በደንብ በተከፋፈለ ሥራ ሰው መጨመር ይጠቅማል፤ የሚጎዳው የማስረከቢያው ቀን ከተቃረበ በኋላ ነው፤ የእርስዎም ሁኔታ ይኸው ነው። ቁጥሩን ይመልከቱት፦ ሦስት ሰዎች እርስ በርስ ለመግባባት የሚያስፈልጓቸው የግንኙነት መስመሮች 3 ብቻ ናቸው፤ ሰባት ሲሆኑ 21 ይሆናሉ።

አዲስ የተቀጠረ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንዴት እንደሚያሳልፍ ያስቡ። ኮምፒውተሩ ላይ የሚያስፈልጉትን ፕሮግራሞች ይጭናል፤ የዳታቤዙ የይለፍ ቃል እስኪሰጠው ይጠብቃል፤ ሌላ ሰው የጻፈውን ኮድ ያነብባል፤ ከዚያም መጠየቅ ይጀምራል። እንደ እርስዎ ባለ የመጋዘን ሶፍትዌር ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያሳስተውን አንድ ነገር ልጥቀስ። ከውጭ የመጣው ዕቃ ኢንቮይስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፎ ይመጣል፤ ነጋዴው ግን ሪፖርቱን የሚፈልጉት በእኛ ወር ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ቀኑን በአንዱ አቆጣጠር መዝግቦ በሌላው ያሳያል። አዲሱ ልጅ ወርኃዊ ሪፖርቱን እንዲሠራ ሲታዘዝ የዓመቱን ወሮች 12 አድርጎ ይጽፋል፤ በጳጉሜን የገባውና የወጣው ዕቃ ሁሉ ከሪፖርቱ ይጠፋል፤ ስሕተቱም የሚታወቀው ነጋዴው ዕቃቸውን አስቆጥረው ሒሳቡ አልገናኝ ሲላቸው ነው። የጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ቀን ከነሐሴ ጋር ይደመር ወይስ ለብቻው ይቀመጥ የሚለውን የወሰነው ሰው ዛሬ አዲስ አበባ ነው፤ ውሳኔውም በጽሑፍ ካልሰፈረ አብሮት ሄዷል። እንዲህ ያለው ውሳኔ በአንድ ሶፍትዌር ውስጥ እጅግ ብዙ ነው። አራት ልጆች እነዚህን ሁሉ በየፊናቸው ሲጠይቁ፣ የቀሩት ሦስት ባለሙያዎች የሥራ ቀናቸውን መልስ በመስጠትና የተሳሳተውን በማረም ይጨርሱታል።

ሕጉም ቢሆን ይህን የመልመጃ ጊዜ ያውቀዋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ቅጥር እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል። በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ ድርጅት ይህ 12 ሳምንት ነው፤ ስለዚህ ልጆቹ ለሥራው መብቃታቸው ተመዝኖ ከማብቃቱ የእርስዎ ሦስት ወር ያልቃል።

አሁን ማድረግ የሚሻለው ይህ ይመስለኛል። በመጀመሪያ የሄደውን ባለሙያ ያነጋግሩ። ተኮራርፋችሁ ካልተለያያችሁ፣ ለተወሰነ ሥራ በሚደረግ ውል፣ ሥራው በሚፈቅድለት ሰዓት በስልክም ሆነ በኢንተርኔት የሠራውን እንዲያስረዳና ዋና ዋና ውሳኔዎቹን በጽሑፍ እንዲያሰፍር ይክፈሉት፤ ለአራቱ ልጆች ካሰቡት ደመወዝ ከፊሉ ለዚህ ቢውል ብዙ ይጠቅማል። ቀጥሎ ወደ ነጋዴው ይሂዱ። የሚናገሩት የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ሦስት ወር እየቀረ የሚነገር መዘግየት መፍትሔ ይገኝለታል፣ በማስረከቢያው ሳምንት የሚነገር ግን እምነት ያጠፋል። የዕቃ ገቢና ወጪ እንዲሁም ከወጪ ቀሪውን በውሉ ቀን እንደሚያስረክቡ፣ የቀሩት ሪፖርቶች በኋላ እንደሚከተሉ ይስማሙ፤ ስምምነቱንም በጽሑፍ ያድርጉት።

ሰው መቅጠር ካለብዎ አንድ ልምድ ያለው ሰው ይፈልጉ። ከአዲሶቹ ተመራቂዎች አንዱን ወይም ሁለቱን መውሰድ የሚፈልጉ ከሆነም፣ ኮዱን ሳያውቁ ሊሠሩ የሚችሉትን ሥራ ይስጧቸው፦ የነጋዴውን የዕቃ ዝርዝር ወደ ሲስተሙ ማስገባት፣ ያለቀውን ክፍል መፈተሽ፣ የመጋዘኑን ሠራተኞች ማሠልጠን። ይህ ሁሉ ጊዜ የሚበላ ሥራ ስለሆነ ነባሮቹን በእርግጥ ያሳርፋቸዋል።

የችግሩ መነሻ ግን ከዚህ በፊት ነው። ሥራ የሚለቅ ሠራተኛ በሕግ የሚጠበቅበት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ነው፤ ምትክ ለማግኘት ግን ማስታወቂያ ማውጣት፣ መፈተን፣ የተመረጠውም ሰው ያለበትን መሥሪያ ቤት 30 ቀን አስጠንቅቆ እስኪለቅ መጠበቅ፣ ከዚያም እስኪለምድ መታገሥ አለ። ይህ ልዩነት በጊዜ ሰሌዳው ላይ ካልተጻፈ የማስረከቢያው ቀን ገና ሲፈረም ተሳስቷል ማለት ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ ማንኛውንም የኮድ ክፍል ቢያንስ ሁለት ሰው እንዲያውቀው ያድርጉ፤ በጊዜ ሰሌዳው ላይ በየሥራው አጠገብ የሚሠራውን ሰው ስም ይጻፉ፤ በመጀመሪያው ዓመት ከ16 የሥራ ቀን የማያንሰውን የዓመት ፈቃድና በዓላቱንም ከሰሌዳው የሥራ ቀናት ላይ ይቀንሱ። የድሬዳዋ ልጆች ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱት ስለሚከፈላቸው ብቻ አይደለም፤ እዚህ ሆነው የሚያድጉበት መንገድ ስላልታያቸውም ጭምር ነው፤ ይህን ማሳየት ደግሞ የእኛ የአሠሪዎች ኃላፊነት ነው። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም ሐረማያ ዩኒቨርሲቲም በቅርባችን ናቸው፤ ተማሪ ሳሉ ለተግባር ልምምድ ተቀብለው ያሠሩት ልጅ፣ ሲመረቅ ሥራዎን አውቆ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ሐረር ውስጥ ለአንድ የግል ክሊኒክ የታካሚዎች መዝገብ ሶፍትዌር ጨረታ ልንገባ ነው። ካሸነፍን ሦስት ፕሮግራመሮች እንቀጥራለን፤ ሥራው በሦስት ሰው 6 ወር ይፈጃል ብለን ገምተናል። ውል ከተፈረመ በ6 ወር እናስረክባለን ብለን ብናስገባ ይሻላል?

መልስ፦ አይሻልም። ግምታችሁ ትክክል ቢሆን እንኳ የሚቆጠረው ሦስቱ ሰዎች ወንበራቸው ላይ ከተቀመጡበት ቀን ጀምሮ ነው። ማስታወቂያውና ፈተናው አንድ ወር ገደማ፣ የተመረጡት ሰዎች ከነበሩበት ለመልቀቅ ሌላ አንድ ወር ቢወስዱ፣ 6 ወሩ 8 ሆነ፤ የመልመጃው ጊዜ ሲታከል ወደ 9 ይጠጋል። ተፎካካሪዎቻችሁ አጭር ጊዜ ይጽፉ ይሆናል ብላችሁ አትሥጉ፤ በዘገየ ርክክብ የሚከፈለው የውል ቅጣት ከትርፋችሁ ላይ የሚቆረጥ ነው። ጊዜውን ለማሳጠር የሚያስችለው መንገድ ምልመላውን ከጨረታው በፊት መጀመር ነው፦ ሦስቱን ሰዎች ዛሬ ፈልጉ፣ ፈትኑ፣ ጨረታውን ካሸነፋችሁ እንደምትቀጥሯቸው ተስማሙ። የሥራ ልምድ ማስረጃቸውን ከጨረታው ሰነድ ጋር የምታያይዙ ከሆነም፣ ውሉ ሲፈረም በስንት ቀን ውስጥ ሥራ እንደሚጀምሩ በፊርማቸው አረጋግጠው ይስጧችሁ፤ የማስረከቢያውንም ቀን ከዚያ ተነሥታችሁ አስሉ።