«ምን ልትሠሪበት ነው?»

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም። የምጽፍልዎት ከደሴ ነው። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት፤ ሥራዬ ሒሳብ ነው። እናቴ ኮምቦልቻ ናት። አምና እሷን ልጠይቅ ስሄድ ታናሽ ወንድሜ ሜዳ ላይ ሞተር አስተማረኝ። መጀመሪያ ለሣቅ ነበር፤ በኋላ ግን እሑድ እስኪደርስ መታገሥ አቃተኝ። መንጃ ፈቃድ አወጣሁ፤ እቁብ ሲደርሰኝ ያገለገለች 125 ሲሲ ሞተር ገዝቼ እናቴ ግቢ አቆምኳት። ለባሌ አልነገርኩትም። አምስት ወር ሙሉ «እናቴ ጋ ነኝ» እያልኩ ወደ ሐርቡ መንገድ ስነዳ ከረምኩ። ከዕለታት አንድ ቀን ልቤ አላርፍ ብሎ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ወጣሁት። በሚኒባስ የምትወርድ ጎረቤታችን አየችኝና ማታውኑ ለባሌ ነገረችው። የባሌ ታላቅ ወንድም የሞተው እዚያው ሐረጎ ላይ በመኪና አደጋ ነው። አሁን «እስክትሸጪው አላናግርሽም» ብሎኛል። አማቴ «ሴት ልጅ ሱሪ ለብሳ ዶቅዶቄ ላይ! ሰው ምን ይላል?» ይላሉ። ቡና ላይ ሁሉም «ምን ልትሠሪበት ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል። ደስ ስለሚለኝ ነው ማለት አሳፈረኝ። ራስ ወዳድ ሆኜ ነው?

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም፤ አብሽሪ እህቴ።

ከደብዳቤሽ ውስጥ በጣም የከነከነኝ ሞተሩ ሳይሆን «አሳፈረኝ» ያልሽው ነው። እስቲ አስቢው፤ «ዕቃ ላደርስበት ነው፣ ለልጆቼ ትምህርት ቤት ክፍያ» ብትያቸው ኖሮ ግማሹ መርቆሽ፣ ግማሹ «ጎበዝ ሴት» ብሎሽ በተነሣ ነበር። ሴት ስትደክም ማየት ለምደናል፤ ያለ ምክንያት ስትደሰት ስናይ ግን ማብራሪያ እንጠይቃለን። ጥያቄው የተነሣው ደግሞ ቡና ላይ መሆኑ አሣቀኝ። እኛ ወሎዬዎች አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ስንጠጣ፣ ጢሱ እየጨሰ ስንጨዋወት ግማሽ ቀን ይሄዳል። ጀበናዋን «ምን ልንሠራብሽ ነው?» ያላት ሰው አልሰማሁም።

ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ሊቃውንት ሰው መንፈሱ እንዲጠነክር ሦስት ነገር ይሻል ይላሉ፦ በራሱ ፈቃድ የሚያደርገው ነገር፣ «ይህን እችላለሁ» የሚያሰኝ ሙያ፣ ከሚወዳቸው ጋር መተሳሰር። ቀኑን ሙሉ የሰው ሒሳብ ስታስታርቂ ውለሽ ማታ ምድጃ ሥር የምትገቢ ሴት፣ እሑድ ጠዋት ፍሪሲዮን ይዘሽ ማርሽ ስትቀይሪ ሁለቱን አግኝተሻቸዋል። ስለዚህ ራስ ወዳድ አይደለሽም። ሦስተኛውን ግን እየበላሽው ነው፤ እዚህ ላይ አላባብልሽም።

«እናቴ ጋ ነኝ» ማለትሽ ውሸት አልነበረም። እውነትም አልነበረም። አምስት ወር ደግሞ ከሃያ በላይ እሑዶች ነው። ባልሽ የሚስቱን ትልቅ ደስታ ከጎረቤት አፍ ሰማ፤ ያውም ከሐረጎ ጋር ተያይዞ። ወንድሙን ያጣበትን መንገድ ሚስቱ በሁለት ጎማ እየወጣችው ነው ሲባል በዚያች ሰዓት ምን እንደታየው መገመት አያቅትሽም። ቁጣ ሆኖ የወጣው ከሥሩ ሐዘን ያለበት ይመስለኛል። ወንዶቻችን «ፈራሁ» ከሚሉ «ተናደድኩ» ቢሉ ይቀላቸዋል።

እንግዲህ ይቅርታ ጠይቂው፤ ግን ለትክክለኛው ጥፋት። «ሞተር በመንዳቴ ይቅርታ» ካልሽ ነገ ዋጋውን በኩርፊያ ታስከፍይዋለሽ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ እሱም ጠግቦ አረፍ ሲል፣ «ደብቄህ ነበር፤ እንዳትከለክለኝ ፈርቼ ነው። በሐረጎ ስወጣም ስለ ወንድምህ አላሰብኩም። ይህን አጥፍቻለሁ» በይው። ከዚያ ዝም በይ። «ግን» የሚለውን ቃል ለሌላ ቀን አቆዪው። ስለ ወንድሙ ከተናገረ ስሚው፤ ምናልባት እስከ ዛሬ ተጠይቆ አያውቅ ይሆናል።

ቤትሽ ውስጥ ሁለት ድምፅ አለ፦ የባልሽ ፍርሃትና የአማትሽ «ሰው ምን ይላል»። አንድ ላይ አትመልሺላቸው። ፍርሃቱ እውነት ስለሆነ የሚጨበጥ መልስ ይገባዋል። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ግን 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረዳል፤ ጠመዝማዛ፣ የከባድ መኪና መተላለፊያ፣ በክረምት ደግሞ ጉም። ፍሬን እየረገጡ ብቻ የሚወርዱት መንገድ አይደለም፤ ዝቅ ባለ ማርሽ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን ወንድምሽ ነግሮሽ ይሆናል፤ ባልሽ ግን እንደምታውቂ አያውቅም። ንገሪው። ሄልሜት በሞተር አደጋ የመሞትን ዕድል 42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን 69 በመቶ እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩ ታይቷል፤ ስለዚህ ከገበያ የተገኘውን ሳይሆን በልክሽ የሆነውን፣ ማሰሪያው አገጭሽ ሥር የሚጠብቀውን ግዢ። ከሥሩ የምትለብሺው ሻሽ ስስና ስፒል የሌለው ይሁን፤ ረጅም ቀሚስ ደግሞ ሰንሰለት ይይዘዋል። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስሽ የገጨሽውን ሰው እንጂ አንቺን እንደማይሸፍንሽም ተነጋገሩበት። ልጆቹ ከኋላ አይቀመጡም፤ በዝናብና በጉም አይነዳም፤ ስትነሺና ስትደርሺ ይደወላል። እነዚህን ራስሽ ይዘሽ ቅረቢ፤ እሱ ሲያወጣቸው እገዳ ይሆኑብሻል።

የአማትሽ ነገር ሌላ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1916፣ የእኛው ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ በተሸነፉበት ዓመት፣ አውጉስታና አደሊን ቫን ቢዩረን የተባሉ እህትማማቾች እያንዳንዳቸው በሞተራቸው አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር አቋረጡ፤ በየመንገዱ ፖሊስ ያስቆማቸው የነበረው የወንድ ልብስ ለብሳችኋል እያለ ነው። ሱሪው ያኔም ነበር የሚያስቆጣው። ይህን ለእትዬ አትንገሪያቸው፤ የፈረንጅ ተረት ይሆንባቸዋል። ይልቅ አንድ ቀን ቡናውን አንቺ አፍዪና ስለ ሠርጋቸው ጠይቂያቸው። በበቅሎ ወይም በፈረስ የመጡ ከሆነ በቅሎዋ ምን እንደምትመስል ሳይቀር ይነግሩሻል። እየነገሩሽ ፊታቸውን እዪው።

ለባልሽ፣ ይህን ካነበበ፦ ወንድሜ፣ መቆጣትህ ይገባኛል። ንግግር መከልከል ግን ቅጣት ነው፤ ልጆቹም ቤቱ ለምን ጸጥ እንዳለ ይጠይቃሉ። «ሽጪ» ከማለትህ በፊት አንድ እሑድ ኮምቦልቻ ወርደህ ስትነዳ እያት። የሚያስፈራህን እዚያው ንገራት። ካየህ በኋላም «አልችልም» ልትል ትችላለህ፤ ያን ጊዜ ግን የምትናገረው ስላየኸው ነው።

እህቴ፣ ሞተሩን በዚህ ወር አትሽጪው፤ በኩርፊያ የተሸጠ ዕቃ ከቤት አይወጣም። ከደመወዝሽ በሚከፈል እቁብ ቢገዛም በትዳር ውስጥ የጋራችሁ ንብረት ነውና መሸጡም ማቆየቱም የሁለታችሁ ውሳኔ ይሁን። ዝምታው ወደ ዛቻ ወይም ወደ እጅ ከተሻገረ ግን የምንነጋገረው ስለ ሞተር አይደለም፤ ወዲያው ለምታምኚው ሰው ንገሪ፣ ለእኔም ጻፊልኝ።

እስኪታረቅ ድረስ መንዳት ካማረሽ ባልሽ እያወቀ የሐርቡ መንገድ ይበቃሻል። ሐረጎን በሚኒባስ ውረጂ።